የሽርጥ አልባሿ ሦስት ቀን

ላምጂያክን ከኔ የበለጠ የሚያውቃት ሰው በፔቻቡሪ ከተማ የለም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ከገዳሙ በር ፊት ለፊት፣ ሮቃው ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ የዘንባባ ጭማቂ ስሸጥ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ጭማቂዬም ቢሆን ከዚህ እስከ ባሕሩ አቻ የለውም፤ ባንኮክ ድረስ በጀሪካን የሚያስወስዱ ሰዎች አሉኝ፤ እሱን እንተወው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሰው ፊት ግን ሳላነበው አያልፈኝም። የላምጂያክ ፊት ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልሂድ» ነው የሚለው። አፏ ግን አንድም ቀን አልተናገረውም።

ሥራዋ ሽርጥ ማልበስ ነበር። ቁምጣ ለብሶ የሚመጣውን ቱሪስት ሽርጥ ታስታጥቃለች፣ ትከሻዋን ገልጣ ለምትመጣው ጨርቅ ጣል ታደርግላታለች፣ ጫማ ታስወልቃለች፣ የበሩን ደፍ እንዳይረግጡት ከፊታቸው እየተሻገረች ታሳያለች። ሴቶቹ መነኩሴ እንዳይነኩ በመሃል ገብታ ዣንጥላ ትዘረጋለች። ይሄን ሁሉ ስታደርግ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ማንንም «አታድርግ» ብላ አታውቅም። እዚህ ላይ ነው ችሎታዋ፤ መከራዋም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ቀን ግንድ የሚያህል ፈረንጅ ከቡድሃው ምስል ፊት ዘፍ ብሎ፣ ሁለት እግሩን ዘርግቶ፣ ውስጥ እግሩን ወደ ምስሉ ቀስሮ ስልኩን ይነካካል። ሰዉ ሁሉ ፈገግ ብሎ ጣራ ጣራውን ያያል። እኛ ዘንድ ሰው ሲያፍርብህ ይስቅልሃል፤ ይሄን ያላወቀ የተወደደ ይመስለዋል። ላምጂያክ ዝቅ ብላ በጉልበቷ ሄደች፣ አጠገቡ ቁጭ አለች፣ «ወይ ጉልበቴ» ብላ እግሯን ወደ ኋላ አጠፈችና አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ ትንሽ ምንጣፍ ሳብ አድርጋ ከጎኑ አኖረችለት። ሰውዬው እሷን አየ፣ እግሩን አየ፣ ሰበሰበው። አንድ ቃል አልወጣትም! ሲወጣ ደስ ብሎት ለሷም፣ ለኔም፣ በሩ ላይ ለተኛው ውሻም መዳፉን ገጥሞ እጅ ነስቶ ሄደ።

እንግዲህ እንደዚህ ያለች ሴት ናት የራሷን ነገር መናገር ያቃታት።

እንዴት እዚያ በር ላይ እንደቆመች ልንገራችሁ። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት፣ በሙቀቱ ወራት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሏ ሞቶ ልጅ የላት፣ የሰው ስኳር ስታነጥር የምትውል ነበረች። ታናሽ እህቷ ሳምሯይ ደቡብ፣ ቹምፖን፣ ባሕር ዳር ያለ ሰው አግብታ «ነይ፣ አብረን ዓሣ እናድርቅ፣ አብረን እንኑር» አለቻት። ላምጂያክ የባቡር ትኬት ቆረጠች። ለመንገዷ ጸበል ልረጭ ብላ ባለመስመር ሻንጣዋን አንጠልጥላ በጠዋት ገዳሙ መጣች። ባቡሩ እኩለ ቀን ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ ሽርጥ የሚያለብሱት እማማ ቻሌም ነበሩ። አንዱ ጦጣ ከደረጃው ራስ ላይ ዘሎ ሙዛቸውን ሲነጥቃቸው ተንሸራተው ወደቁ፣ ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ። የገዳሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ፕራዮንግ ግራ ቀኝ ሲያዩ ላምጂያክን አዩ።

«ላምጂያክ ልጄ፣ እትዬ ቻሌም እስኪሻላቸው ሦስት ቀን ብቻ ያዢልን።»

«እሺ ጋሽዬ።»

ትኬቱ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ አላወጣችውም። እንዴት ታውጣው? ሽማግሌ በሰው ፊት ለምኖሽ ትኬት አሳይቶ እምቢ ማለት እኮ በጥፊ መምታት ነው። ሻንጣዋን ጠረጴዛው ሥር ወሸቀችና ሽርጥ ማጠፍ ጀመረች። ባቡሩ ጮኾ ሲያልፍ እኔ ጭማቂ እየቀዳሁ ነበር፤ ቀና ብላ እንኳን አላየችም።

ሦስት ቀኑ አለፈ። ሳምንቱ አለፈ። በአሥራ አምስተኛው ቀን እማማ ቻሌም በትር ይዘው ብቅ አሉ። ላምጂያክ ብድግ ብላ እጅ ነሳች።

«ይቀመጡ እማማ፣ ቦታዎ ነው።»

«የለም የለም፣ ተቀመጪ ልጄ። ያምርብሻል።»

«ኧረ ይቀመጡ እማማ!»

«በሞቴ ተቀመጪ! ከኔ ይልቅ ላንቺ ነው የተሠራው።»

እንዲህ ተባብለው እማማ ቻሌም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ላምጂያክም «እግራቸው አልጠናላቸውም፣ ቦታውን አይፈልጉትም» ብላ ደመደመች። ሰው እንዲህ ነው የሚታሰረው። በብረት የታሰረ ሰው ቢያንስ ቁልፉ የማን ኪስ እንዳለ ያውቃል፤ ይሉኝታ ግን ቁልፍም የለው።

እህቷ በየዓመቱ እየደወለች ትቀልድባታለች፤ «አንቺ፣ ሦስት ቀንሽ አላለቀም እንዴ? የናንተ አገር ፀሐይ እንዴት ናት፣ ቆማ ነው የምትውለው?» ላምጂያክም ትስቅና «በሚቀጥለው ዓመት» ትላለች። በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ በሙቀቱ ወራት ስትደውል ግን ሳምሯይ አልሳቀችም። ባሏ ከሞተባት ዓመት ሆኗታል።

«ስሚ እህቴ» አለቻት፤ «ዘንድሮ አልቀልድም። ወገቤ ከድቶኛል፣ የዓሣውን ሰፌድ ብቻዬን ማንሳት አቅቶኛል፣ የማወራው ከድመት ጋር ነው። መነኮሳቱ ለክረምቱ ሱባኤ እስኪገቡ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ የባሌን እህት ልጅ አስገባለሁ። ክፍሉ አንድ ነው። እሷ ከገባች አትወጣም።»

«እመጣለሁ።»

«እመጣለሁ አትበዪኝ! ነይ!»

ሱባኤው ሊገባ የቀረው ሰባት ሳምንት ነበር። ላምጂያክ ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። ሻንጣው አለ። አቧራ ለብሷል፣ ድመት ሁለቴ ወልዳበታለች።

በሳምንቱ ማንጎና በኮኮናት ወተት የተሠራ ሩዝ ይዛ ጋሽ ፕራዮንግ ቤት ሄደች። ከሳቸው ዝቅ ብላ መሬት ተቀመጠች፣ እግሯን ወደ ኋላ አጠፈች።

«ጋሽዬ፣ ዘንድሮ እግሬ እያበጠብኝ ነው። ቀኑን ሙሉ መቆም እንደ ድሮው አልሆነልኝም።»

ጋሽ ፕራዮንግ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ሰው የማይገባቸው እንዳይመስላችሁ! ፍንጭ በመረዳት በወረዳው አንደኛ ናቸው። «ገባኝ ልጄ» አሉ፤ «አንድ ቃል አትጨምሪ።» ላምጂያክ እየበረረች ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ፕራዮንግ የገዛ ቤታቸውን ባለ ስፖንጅ ወንበር በጋሪ አስጭነው መጡ፤ ቬንትሌተርም አስተክለውላት ሄዱ።

እኔ ከሮቃው ሥር ሆኜ፣ «ነፋሱ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጭማቂህን ሽጥ» አለችኝ።

በሁለተኛው ጊዜ እህቷን አነሳች። «ጋሽዬ፣ እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ቤቷ ባሕር ዳር ነው። ነፋሱ ለእግር ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ምስኪን!» አሉ ጋሽ ፕራዮንግ እንባ እያቀረሩ። «እና እስካሁን ዝም አልሽ? አምጫት እንጂ! ከአጥሩ ኋላ ያለችውን ክፍልሽን እናሰፋላችኋለን!»

ቅዳሜ ስድስት ጎልማሳ ጡብ ተሸክሞ መጣ። ግድግዳው እየሰፋ ሲሄድ ላምጂያክ እየጠበባት ሄደ። ለግንበኞቹ ምሳ ያበሰለችውም እሷ ናት።

ሦስተኛው ሐሳቧ የከፋ ሆነ። ማርፈድ ጀመረች። እንግዳውን ፊት ነሳች፤ ሽርጡን አጣጥፋ ሳይሆን ክምር አድርጋ ታስቀምጥ ጀመር። «ቢቆጡኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠይቄ እለቃለሁ» ነው ሐሳቡ። ግን ማን ይቆጣል! ጋሽ ፕራዮንግ ኮሚቴውን ሰበሰቡ። «ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ። «ይህች ሴት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታገለግል አንድ ቀን በሰው ፊት አመስግነናት አናውቅም። ከፍቷታል።» ከዚያም የዛፍ ሳንቃ አስጠረቡ፣ «የላምጂያክ ቦታ» ብለው በወርቅ ቀለም አስቀረጹበት። እንግዳ ተጠራ፣ ድንኳን ተተከለ። ሱባኤው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት መጥታ ጭማቂ አዘዘችኝ።

«ዛሬ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዛሬ በማይክ እናገራለሁ። በማይክ የተባለ ነገር ተመልሶ አይዋጥም።»

መነኮሳቱ ጸሎት አደረሱ፣ ጸበሉ ተረጨ፣ ሳንቃው ተሰቀለ። የመጀመሪያውን ረድፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ከተማ እኔ የሌለሁበት ድግስ ድግስ አይባልም። ላምጂያክ ማይኩን ያዘች። ጋሽ ፕራዮንግ በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከኋላ ደግሞ እማማ ቻሌም፣ ያኔ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ያለቅሳሉ። ላምጂያክ አፏን ከፈተች። ፈገግ አለች።

«እኔ ምን ሠራሁ…» አለች። «ገና… ገና ብዙ ዓመት አገለግላለሁ።»

ጭብጨባው ጦጣዎቹን ከጣራ አስበረገገ። እሷ መዳፏን ገጥማ ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆየች፤ በጣም ቆየች። ሰዉ አክብሮት መሰለው። እኔ ግን አየሁ፤ ከእጇ ኋላ ፊቷን እየደበቀች ነበር።

በማግስቱ ከድግሱ የተረፈ ጣፋጭ በሳህን አድርጋ እማማ ቻሌም ቤት ወሰደች። ይሄን እሷው ናት የነገረችኝ፤ ለኔ ያልተነገረ ምስጢር የለም። እማማ ቻሌም ገበያ ወጥተዋል። ልጃቸው ራትሪ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አስቀምጪው እትዬ» አለች ራትሪ። «የምትበላው ግን አይመስለኝም። ከትናንት ጀምሮ ስታለቅስ ነው።»

«በኔ ደስ ብሏቸው ነው።»

«ኧረ የምን ደስታ!» አለችና ራትሪ በሽንኩርት እጇ አፏን ያዘች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ላምጂያክ ቀና ስትል በጓሮው በር በኩል የልብስ ገመዱን አየችው። ዘጠኝ ሽርጥ በሰልፍ ተሰጥቷል። ያረጀ ነው፣ ቀለሙ የለቀቀ ነው፣ ግን ተተኩሶ እንደ ወረቀት ቀጥ ብሏል።

«ይሄ ሁሉ ሽርጥ የማን ነው?»

ራትሪ ቢላዋውን አስቀመጠች። «የድሮዎቹ ናቸው። በየሳምንቱ አጥባ ትተኩሳቸዋለች። ‹ምናልባት ከተጠራሁ› ትላለች። እግሯ እኮ በአሥራ አምስት ቀን ነው የዳነው እትዬ! ቦታዬን ልጠይቅ ብላ በትር ይዛ መጥታ ነበር። ‹ልጅቷ ወዳዋለች፣ በምን አፌ ላስነሳት› ብላ ተመለሰች። ትናንት ያ ሳንቃ ሲሰቀል ደግሞ… በናትሽ እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ! ትገድለኛለች።»

ላምጂያክ ሳህኑን እንደያዘች መሬት ቁጭ አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አንዷ ከወንበሩ ልነሳ ትላለች፣ አንዷ ልቀመጥ ትላለች፣ ሁለቱም «ኧረ አንቺ፣ ኧረ እርስዎ» ተባብለው አረጁ።

አሁን አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ «ታዲያ ለምን አይነጋገሩም?» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ከኛ ጋር አልኖረም። ላምጂያክ ሄዳ «ይውሰዱት» ብትል፣ እማማ ቻሌም ጉዳቸው መታወቁን ያውቃሉ፤ ልጃቸው ምስጢር ማውጣቷን ያውቃሉ፤ ጋሽ ፕራዮንግ ሁለት ሴት ያለ ፈቃዳቸው አንገላቱ ሊባል ነው፤ ሳንቃው ተቀርጿል፣ ግድግዳው ተገንብቷል። በአንድ ቃል ስንት ሰው ሊዋረድ! እናም ላምጂያክ ሳህኑን ለራትሪ ሰጥታ፣ «ምንም አልሰማሁም» ብላ ወጣች። አሥር ቀን ያ ባለ ስፖንጅ ወንበር ላይ፣ ከስሟ ሥር፣ ቬንትሌተሩ እያራገባት ተቀመጠች። ጭማቂ ብሰጣት እንኳ አፏ አልደረሰም። በሽቦ ቤት እንዳለች ወፍ ናት፤ በሩ ክፍት ነው፣ ግን መውጫው በሰው ፊት ላይ ነው።

ሱባኤው ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት፣ ያንን ደረጃ ስታየው አየኋት። እማማ ቻሌም የወደቁበትን ደረጃ። አየችው፣ አየችው፣ ተነሳች። ለአንዲት ቱሪስት የምትሰጥ መስላ ሽርጥ ይዛ ወጣች። ከላይ ሦስት ደረጃ ወረደችና ቀስ ብላ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ተቀመጠች። ከተቀመጠች በኋላ ነው የጮኸችው።

«ወይኔ እግሬን!»

ጋሽ ፕራዮንግ ጫማቸውን ሳያደርጉ ሮጠው መጡ። «ምን ሆንሽ? ሐኪም ቤት!»

«ኧረ አይ ጋሽዬ! ወለምታ ነው፣ ጦጣው ነው… ዕረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እህቴ ወጌሻ ታውቃለች፣ እሷ ዘንድ ሄጄ ላሳሸው።» ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ያዝ አደረገች። «እማማ ቻሌም ሦስት ቀን… ሦስት ቀን ብቻ ቢይዙልኝ።»

ጋሽ ፕራዮንግ እግሯን አዩ። ቀና ብለው ጦጣውን ፈለጉ። ጦጣው ማዶ ጣራ ላይ ሆኖ የልጁን ቅማል እየለቀመ ነው። እኔ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ከዛፉ ሥር ተነሳሁ። በስንት ዓመቷ ያገኘቻት ቀዳዳ ብትደፈንባትስ?

«ይሄ ጦጣ» አሉ በመጨረሻ፣ «ድሮም ሰው አይወድም።»

እማማ ቻሌም ተላከባቸው። አንድ ኩባያ ጭማቂ ሳይጠጣ ደረሱ! ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ፊታቸው ዱቄት ተቀብቷል፣ ዘጠኙ የተተኮሰ ሽርጥ ክንዳቸው ላይ ነው። ለድንገተኛ የተጠራ ሰው እንዲህ ተኩሶ ይመጣል?

«ለሦስት ቀን ብቻ ነው ልጄ» አሉ እማማ ቻሌም።

«ለሦስት ቀን ብቻ ነው እማማ» አለች ላምጂያክ።

አልተያዩም። እማማ ቻሌም ወንበሩ ላይ ተቀመጡና መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ላምጂያክ ጎንበስ ብላ ሻንጣውን ሳበችው። ወለም ብሎኛል ላለ ሰው አጎነባበሷ ጥሩ ነበር።

ባቡር ጣቢያ ድረስ ጋሽ ፕራዮንግ ሻንጣውን ተሸከሙ። እኔ አንድ ጠርሙስ ጭማቂ ይዤ፣ ያለ ክፍያ፣ አብሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አነከሰች። ባቡር ውስጥ ገብታም እስከ ወንበሯ አነከሰች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጅ ነሳችን፣ ፊቷ ላይ ያ «ልሂድ» የሚለው ነገር የለም፤ ሌላ ነገር ነበር፣ ያኔ አላነበብኩትም። አሁን ነው የገባኝ፤ «መመለስ የለም» ነበር የሚለው።

ምክንያቱም ሦስት ቀኑ እስከ ዛሬ አላለቀም። አራት ዓመት ሆነው። ሳንቃው ላይ ስሟ እንዳለ ነው፣ ከሥሩ እማማ ቻሌም እንደ ንግሥት ተቀምጠው ሽርጥ ያለብሳሉ፤ ሰው ሲጠይቃቸው «ለላምጂያክ ነው የምጠብቀው» ይላሉ። ላምጂያክ ደግሞ ፔቻቡሪ መምጣት አትችልም። ለዓመት በዓል አትመጣ፣ ለለቅሶ አትመጣ፤ ከመጣች እግሯ ድኗል ማለት ነው፣ እግሯ ከዳነ ወንበሩ የሷ ነው። ከአንዱ ወጥታ ከሌላው ገባች ማለት ነው፤ የአሁኑ ግን ባሕር አለው።

በዓመት አንድ ጊዜ የገዳሙ ሰዎች በጭነት መኪና ቹምፖን ወርደን ለባሕሩ ዳር ገዳም መባ እንሰጣለን። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር የኔ ነው፤ ማንም አይነካውም። ዘንድሮ ስንደርስ ላምጂያክ የዓሣ ሰፌድ በራሷ ተሸክማ፣ እንደ ልጅ እየተራመደች አሸዋውን ታቋርጣለች። ሳምሯይ ከበረንዳው አየችንና ጮኸች።

«እትዬ! እንግዶች መጡ! እግርሽ!»

ላምጂያክ ወዲያው ማንከስ ጀመረች። እያነከሰች መጣች፣ ሰፌዱን አስቀመጠች፣ እጅ ነሳች። ሁላችንም ፈገግ ብለን ባሕሩን ባሕሩን አየን። ያነከሰችው በግራዋ ነበር፤ ደረጃው ላይ የጮኸችው ለቀኟ ነው።

«ቦታሽ እንዳለ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ፕራዮንግ። «ሲሻልሽ ነው።»

«ሲሻለኝ እመጣለሁ ጋሽዬ።»

ጋሽ ፕራዮንግ ከኪሳቸው በየዓመቱ የሚያመጡላትን የቅባት ብልቃጥ አወጡ። እግሯን አዩት፣ ብልቃጡን አገላብጠው አዩት፣ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ለቀኙ ብዬ ነበር ያመጣሁት» አሉ። «ለግራም ይሆናል።»